ከመሰላል ላይ የሚታይ አናት

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጣቶቻቸውን ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ከመደርደሪያ ሥር አጎንብሼ ፋይል ስፈልግ፣ ሁለት ጣቶች ከኋላዬ መጥተው ከሸሚዜ ኮሌታ ላይ አንዲት ፀጉር አነሱ። አያያዛቸው የሚነዝር ገመድ እንደሚነካ ሰው ጥንቃቄ የበዛበት ነበር። ወደ መስኮቱ ወሰዷት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከብርሃኑ ጋር አስተያዩዋት፣ ከዚያም ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ፣

"ሥሯ ነጭ ነው። ተነቅላ ሳይሆን በፈቃዷ ለቃ ነው የመጣችው" አሉኝ።

"ጥሩ ነው መጥፎ?"

"እሱን አብረን የምናየው ነው" ብለው ፀጉሬን በደረት ኪሳቸው ይዘዋት ሄዱ።

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ጋራዥም ይሁን ትምህርት ቤት፣ ስለ ሌላው ሰው ፀጉር ከባለፀጉሩ በላይ የሚጨነቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ደመወዝ የለውም፣ ሹመት የለውም፣ የሥራ ሰዓትም የለውም። ሕመምተኛው ወደ እሱ ካልመጣ እሱ ራሱ ወደ ሕመምተኛው ይሄዳል። ሊፍት ውስጥ ይመረምራል፣ ምሳ ላይ መድኃኒት ያዛል፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ከሐዘንተኛው አናት ላይ ዓይኑን መንቀል አይችልም። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ደግሞ፣ በዚህ እምላለሁ፣ ራሱ መላጣ ነው።

የእኛው ሊቀ ሊቃውንት የሕንፃው ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን ፋይላቸው ላይ አይቼዋለሁ፣ ግን ማንም በእሱ ስለማይጠራቸው እኔም አልጀምርም። ለማንኛውም ጥያቄ፣ ስለ ሶኬትም ይሁን ስለ ፎሮፎር፣ "መጀመሪያ ሥሩን እንይ" ስለሚሉ፣ አራቱም ፎቅ የሚያውቃቸው ጋሽ ሥሩ በሚል ነው። ክረምት ከበጋ ከራሳቸው የማትወርድ ቡናማ ቆብ አላቸው። ላብ ለመጥረግ አንዳንዴ ብድግ ሲያደርጓት ከሥሯ ብቅ የሚለው ነገር ታጥቦ የደረቀ ብርጭቆ ነው። በመጀመሪያው ወር ድፍረት መጥቶብኝ፣

"ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ መድኃኒት ካወቁ፣ ለራስዎ ራስስ?" አልኳቸው።

"እኔ ራሰ በራ ነኝ" አሉኝ፣ ፈገግ ሳይሉ። "በራ ማለት በራ ነው። የመብራት ሰው ራሱ ካልበራ የማን ይብራ? የናንተ ራስ ገና መስመር እንኳ አልተዘረጋለትም።"

የሥልጣናቸው ምንጭ መሰላላቸው ነው። ይኼን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል፣ ስረዳው ግን ቀኑን ሙሉ ሲገርመኝ ዋለ። እኛ ሰውን የምናየው ከፊት ነው። ፊት ደግሞ ይዘጋጃል፣ ይታጠባል፣ ይዋሻል። ጋሽ ሥሩ ግን የተቃጠለ አምፖል ሲቀይሩ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውን ሲያዩ የኖሩት ከላይ ነው። አናት አይዋሽም። ማን እየሳሳ እንደሆነ ሚስቱ ሳታውቅ እሳቸው ያውቃሉ። አንዳንዴ ጸጥ ባለው ቢሮ ውስጥ ከጣሪያው አካባቢ ድምፅ ይመጣል። "አንተ የሒሳብ ክፍሉ፣ አናትህ ላይ ሰማይ መታየት ጀምሯል።" ልጁ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ይጭናል፣ የተቀረነው በየጠረጴዛችን ሥር እንስቃለን፣ ከዚያ እያንዳንዳችን ቀስ ብለን የራሳችንን አናት እንዳብሳለን።

መድኃኒታቸው በሽታ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ሽንኩርት ሲሸት፣ ሦስተኛ ፎቅ የጉሎ ዘይት ሸትቶ የወጣንባቸው ሳምንታት ነበሩ። ሊፍቱ መካከል ላይ ሲደርስ ሁለቱ ሲገናኙ ሰው በእግሩ መውጣት ይመርጥ ነበር። ሕግጋትም አሏቸው። ፀጉር ይተነፍሳልና ቆብ አይደረግበትም (ይኼን የሚሉት ቆባቸውን እያስተካከሉ ነው)። ብዙ የሚያስብ ራስ ላይ ፀጉር አይቆምም። ተደጋግሞ የተላጨ ፀጉር በዝቶ ይወጣል፣ ልክ እንደ ታጨደ ሣር። በዚህኛው ሕግ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ተላጨ። በመጨረሻ ያው ፀጉር፣ ያው ሳሳ ያለ፣ እንደውም ብርድ የመታው የሚመስል ሆኖ ወጣ። እኔም ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ነኝና ልሞግታቸው ፈለግሁ።

"ጋሼ፣ የሚቆረጠው እኮ ጫፉ ነው። ጫፉ መቆረጡን ሥሩ በምን ያውቃል?"

አሰቡበት። በእውነት አሰቡበት፣ ፒንሳቸውን በመዳፋቸው ላይ እያንኳኩ።

"ወሬ ይደርሰዋል" አሉ።

ሰው በቀን እስከ መቶ ፀጉር ቢረግፍበት ጤና እንደሆነ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፣ ይኼ እውነት መሆኑን በኋላ ሰምቻለሁ። ያኔ ግን እንደ ፈተና ነበር የወሰድኩት። አንድ ሳምንት ከማበጠሪያዬ፣ ከትራሴና ከሳሙናዬ ላይ እየለቀምኩ በፖስታ አጠራቀምኩ። በአማካይ በቀን መቶ አሥራ አራት። ሰኞ ጠዋት ፖስታውን ይዤ ሄጄ ውጤቱን ፈርቼ ስነግራቸው፣

"ትራስህን ከማን ጋር ነው የምትጋራው?" አሉኝ።

"ከወንድሜ ጋር።"

"በል አሥራ አራቱን ለወንድምህ መልስለት።"

ሌላ ጊዜ ደግሞ መላጣነት የሚወረሰው ከእናት ወገን ብቻ ነው ብለው፣ የእናቴን ወንድም ፎቶ አምጣ አሉኝ። አመጣሁ። አጎቴ ፎቶው ላይ ሰፊ ሰው ነው፣ ፊቱ ከግንባሩ ተነስቶ እስከ ማጅራቱ ይደርሳል። ጋሽ ሥሩ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩና በአውራ ጣታቸው የአጎቴን ራስ ሸፈን አደረጉት። ከዚያ ፎቶውን መልሰው እጄን ጨበጡኝ፤ "ያጽናህ" ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

የሥራ አስኪያጃችንን ነገር ካላወራሁ ግን ጋሽ ሥሩን አላወራሁም። ሥራ አስኪያጁ ከግራ ጆሮው በላይ ያለውን ፀጉር አሳድጎ፣ በቅባት አለስልሶ፣ አናቱን አሻግሮ ቀኝ ጆሮው ጋ የሚያሳርፍ ሰው ነበር። ሁላችንም እናያለን፣ ሁላችንም አናይም። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ እያለን ጋሽ ሥሩ የጣሪያውን ማራገቢያ ጠግነው ጨረሱና ሊሞክሩት አበሩት። መጀመሪያ በዝግታ። ቀጥሎ በሦስት ቁጥር። የሥራ አስኪያጁ ፀጉር ከቀኙ ተነስቶ እንደ ሻንጣ ክዳን ተከፈተና ወደ ግራ ቆመ። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ መጻፏን አላቆመችም፣ ምን እንደጻፈች ግን እግዜር ይወቀው። ከመሰላሉ ላይ ግን፣ በሐዘኔታ የተሞላ ድምፅ መጣ።

"ጌታዬ፣ እሱን ፀጉር ቢያሰናብቱት ይሻላል። ከሩቅ መጥቶ ነው የደከመው።"

ጋሽ ሥሩ ይባረራሉ ብለን ጠበቅን። ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ሙልጭ ብሎ ተላጭቶ መጣ። አሥር ዓመት ያነሰ ይመስል ነበር፣ አንገቱም እንደ ልቡ ይዞር ጀመር። ከዚያ ወዲህ ሳያንኳኩ ወደ ቢሮው የሚገቡት ጋሽ ሥሩ ብቻ ናቸው።

በመላው ሕንፃ ለጋሽ ሥሩ ያልተንበረከከች አንዲት ሰው ጸሐፊዋ ነበረች። ምክንያትም ነበራት። ፀጉሯ ወገቧን አልፎ የሚወርድ፣ በሩን ስትከፍት ከእሷ ኋላ ለብቻው የሚገባ ፀጉር ነው። ጋሽ ሥሩ በአጠገቧ ሲያልፉ ገና፣ "ጋሼ፣ የእኔን ራስ ይተዉትና አምፖልዎን ይቀይሩ" ትላቸዋለች። እሳቸውም፣ ደህና ሰው እንደሚሰለቸው ሐኪም፣ ዝም ብለው ያልፋሉ። ሠርጓ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር።

አንድ ሰኞ ሻሽ አስራ መጣች። ማክሰኞም። በሁለተኛው ሳምንት አማረባት ማለት ሰለቸን። ሐሙስ ቀን መዝገብ ቤት ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችና፣ "ለማንም ላትናገር ማልልኝ" አለችኝ። ማልኩ። "በተለይ ለዚያ ለመሰላሉ ሰውዬ።" በዚያም ማልኩ። ለሠርጓ የሚሆነውን አሠራር ለመሞከር እህቷ ስትሠራት፣ አናቷ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ የሆነ ባዶ ቦታ አግኝታለች። ለስላሳ፣ ሕመም የሌለው፣ ፀጉር በቅሎበት የማያውቅ የሚመስል። በሳምንቱ ሁለተኛ ተጨመረ። የፀጉር ቤቷ ባለቤት "ዓይን ነው" ብላ ጽሑፍ የሌለበት ጠርሙስ ሸጣላታለች። አንድ ጊዜ ብትሞክረው ሲያቃጥላት አድሯል፣ ቅዳሜ ግን ደግማ ልትቀባው ነው።

"ካልሆነ ሠርጉን እተወዋለሁ" አለችኝ። "ለእጮኛዬም አልነገርኩትም። ሙሽራዋ መላጣ ናት ብለው እድሜ ልካቸውን የሚያወሩ አክስቶች አሉኝ፣ አታውቃቸውም።"

ሻሿን ነበር የማየው። ሐምራዊ ነበር፣ ጥሩ ሻሽ።

በማግስቱ ከጠረጴዛዋ በላይ ያለው ረጅሙ አምፖል መርገብገብ ጀመረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጋሽ ሥሩን ታስጠራ ነበር። ያን ቀን ግን እስከ ምሳ በሚርገበገበው ብርሃን ሥር ዓይኗን እያሸች ጻፈች። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ራሱ አስጠራቸው። ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ እሳቸው መሰላሉን ዘርግተው ወጡ። እኔ የሚፈረም ደብዳቤ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። አጥብቃ ያሰረችው ሻሽ ሐር ነበርና፣ አንገቷን ወደ ወረቀቱ ስትደፋ ወደ ኋላ ሸተት አለ።

ጋሽ ሥሩ አምፖሉን እንደያዙ ቀሩ። እኔ ፍርዱ ከጣሪያው ወርዶ በአራቱም ፎቅ እስኪሰማ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን አንድ በአንድ ደረጃውን ወረዱ፣ አዲሱን አምፖል ሳይገጥሙ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ አሉና በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ቃል ተናገሩ።

"ላሽ።"

ጸሐፊዋ ቀና አለች። "ምን አሉኝ?"

"ላሽ ነው ያልኩሽ።"

"እኔ ነኝ ላሽ የምለው? ከራሴ ጠረጴዛ?" ተነሳች። "እርስዎ ላሽ ይበሉ እንጂ። መሰላልዎንም ይዘው።"

እኔም ሰውዬው ሂጂ፣ ጥፊ ያሏት መስሎኝ ደሜ ፈልቶ ገባሁ። ጋሽ ሥሩ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ፣ ምን እንዳጠፉ ጨርሶ አልገባቸውም።

"ኧረ ልጄ፣ የሕመሙ ስም ነው። እንዲህ ክብ ክብ እየሆነ የሚረግፈው። ላሽ ነው የሚባለው፣ እኛ ልጆች ሳለን ጀምሮ ላሽ ነው። እናንተ ደግሞ ምን አደረጋችሁት?"

የመዝገበ ቃላት ፍቅር አለኝ እያልኩ የምመጻደቅ ሰው፣ ይኼ ቃል ከእኛ የመንገድ ወሬ በፊት ሌላ ሕይወት እንደነበረው አላውቅም ነበር። ጸሐፊዋ ቁጭ አለች። እያለቀሰች ነው ስል ስትስቅ፣ እየሳቀች ነው ስል ስታለቅስ አየኋት።

"ስሙ እንኳ ሂጂ ነው የሚለኝ" አለች። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ይሁን፣ ተሸነፍኩልዎ። ሽንኩርት ነው እንቁላል? ወይስ ይኼንኑ ልቀጥል? ሠርጌ አሥር ሳምንት ነው የቀረው።"

ጋሽ ሥሩ ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱ። የባትሪ አሲድ የሚያውቅ አፍንጫ ነው። ክዳኑን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

"ምንም አትቀቢ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እኔ አላውቀውም" አሉ።

በዚያ ሕንፃ ውስጥ ይኼ ቃል ከእሳቸው አፍ ተሰምቶ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ከውስጥ ቢሮው አንገቱን ብቅ አደረገ።

"ሽንኩርቱስ?" አልኳቸው እኔ፣ ሳላስበው።

"ሽንኩርቱ ለናንተ ነው" አሉ፣ በተቃጠለው አምፖል ወደ እኔ እያመለከቱ። "እናንተ የምትመለጡት እንደ አባቶቻችሁ ነው፣ ብትቀቡት ቢበዛ ትሸታላችሁ። ይኼ የእሷ ግን ሐኪም አለው። ሥሩን የሚያይ፣ የእውነት የሚያይ።"

ሰኞ የፈቃድ ወረቀት ሞሉ። ፋይል ያደረግሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያቸው ነው። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "የፀጉር ጉዳይ" ይላል። ሥራ አስኪያጁ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ፈረመበት። ጸሐፊዋን ወደ ክሊኒክ ሲወስዱ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ፣ "ሐኪሙ የሚለውን የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል" ብለው።

የቆዳ ሐኪሟ ከጸሐፊዋ እምብዛም የማትበልጥ ሴት ነበረች። በማጉያ መስታወት አየች፣ በጣቷ ዳሰሰች፣ ደም ይመርመር ብላ ጻፈች። የሰውነት ዘበኛ ተሳስቶ የራሱን ቤት ሰው ሲያባርር ይኼ ይመጣል አለች። ከዓይን አይደለም፣ ከማበጠሪያም አይደለም፣ አይተላለፍም፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፣ መርፌም ያግዘዋል። "ለሠርግሽ ይደርሳል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም" አለቻት፣ እጇን ይዛ። ጸሐፊዋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ቃል አልገባም የሚል ሰው ካገኘች ቆይታለች።

ጋሽ ሥሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ዶክተር፣ ቆብስ? ቆብ ፀጉር ይጎዳል?"

"ቆብ ምንም አያደርግም።"

"ጻፍ" አሉኝ። "መላጨትስ? ያበዛል?"

"አያበዛም፣ አባባ። ጫፉ ደንደን ያለ ስለሚመስል ነው።"

"ጻፍ። አጥብቆ መሠራትስ?"

"እሱ ይጎዳል። ከወሊድ በኋላ፣ ከከባድ ትኩሳት በኋላ፣ ምግብ ሲጎድልም ይረግፋል። አብዛኛው ይመለሳል።"

"ጻፍ። መላጣነት ከእናት ወንድም ነው የሚመጣው፣ አይደል?"

"ከአባትም ይመጣል።"

እዚህ ላይ ጻፍ አላሉኝም። ሐኪሟ ፈገግ ብላ፣ "የእርስዎስ ከማን መጣ?" አለቻቸው። ጋሽ ሥሩ ቆባቸውን አወለቁ።

"ከአባቴ" አሉ። "የእናቴ ወንድም እስከ ዕለተ ሞቱ ማበጠሪያ ይሰብር ነበር።"

ሃያ ዓመት ሙሉ የሰውን አጎት ፎቶ ሲያስመጡ የኖሩ ሰው፣ ማስረጃውን ቆብ አልብሰው ይዘውት ይዞሩ ነበር ማለት ነው።

ከክሊኒኩ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ጸሐፊዋ ፈንጠር ብላ ለእጮኛዋ ደወለች። እኔና ጋሽ ሥሩ የማንሰማ መስለን ወደ መንገዱ ዞርን። ጥቂት ቆይታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

"ምን አለ?" አሉ ጋሽ ሥሩ።

"'እሱ ብቻ ነው?' አለኝ። ሻሽ ማሰር ከጀመርኩ ወዲህ ልተወው ያሰብኩ መስሎት እንቅልፍ አልተኛም።"

"በይ እሱም ይመርመር፣ እንቅልፍ ማጣት ፀጉር..." ብለው ጀመሩና፣ ወደ ማስታወሻ ደብተሬ አየት አድርገው ተዉት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከባድ ነበሩ። ጋሽ ሥሩ ወደ መሰላላቸው እየወጡ ዝም ብለው ይወርዳሉ። ሊፍቱ ሊፍት ብቻ ሸተተ። ሰው አናቱን ከሥራቸው ሆን ብሎ ያመላልሳል፣ እሳቸው ግን ገመዳቸውን ብቻ ያያሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሾፌሩ አልቻለም፣ መሰላሉን ያዘና፣ "ጋሼ፣ በናትዎ፣ የሆነ ነገር ይዘዙልኝ" አላቸው። ጋሽ ሥሩ ወደ አናቱ ጎንበስ አሉ። "ሐኪሟ ስለ እንቁላል የተናገረችው ነገር የለም" አሉ በመጨረሻ። በዚያ ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ ደስ የሚል ጠረን ነበረው ብል ውሸት ነው፣ ግን ሁላችንም ቀለል አለን።

በስድስተኛው ሳምንት ጸሐፊዋ መዝገብ ቤት ሮጣ ገባች። በቅሎ ነበር፣ ግን ነጭ ሆኖ። "ሸበትኩ" አለችኝ። ማስታወሻዬን ገልጬ፣ ሐኪሟ መጀመሪያ ነጭና ስስ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ኋላ ይጠቁራል ማለቷን አነበብኩላት። ይኼንኑ በቃላቸው የያዙት ጋሽ ሥሩ ከኮሪደሩ ላይ አብረውኝ አነበቡት።

ለሠርጓ ፈቃድ ከመውጣቷ በፊት በነበረው የመጨረሻ ዓርብ፣ ሥራ አልቆ ሰው ሲወጣ፣ ጋሽ ሥሩ በጸሐፊዋ ቢሮ እንደገና የተቃጠለ አምፖል ይቀይሩ ነበር። እሷ ሻሿን ፈታች። ለሠርጉ ፀጉሯን ልልቀቀው ወይስ ልሸፍነው እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ነበር የከረመችው። አናቷ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ጥቁር መካከል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ነጭ ለምለም ቦታ ነበር፣ እንደ ጫጩት ገላ።

"ጋሼ" አለች ቀና ሳትል። "አያባብሉኝ። ይታያል?"

እሳቸው ለማየት አልቸኮሉም። መነጽራቸውን አወጡ። ለሃያ ዓመት ለአንድም ሰው ፀጉርህ ደህና ነው ብለው የማያውቁ ሰው ናቸው፣ አሁንም እንደማይሉ አውቄአለሁ።

"ከላይ ይታያል" አሉ።

ትከሻዋ ወደቀ።

"ከላይ የሚያይሽ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ" አሉ፣ አንድ ደረጃ እየወረዱ። "በሠርግሽ ዕለት እንደ ሰው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ልቀቂው።"

ጸሐፊዋ ሻሹን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፣ መሳቢያውንም በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው። ፀጉሯ ወንበሩን አልፎ ወረደ። ጋሽ ሥሩ መሰላላቸውን አጥፈው በትከሻቸው አነሱ። እኔ በር ላይ ቆሜ አንገቴን ደፍቼ ኖሯል፣ አናቴን አይተው አንድ ነገር እንዲሉኝ፣ ስድብም ቢሆን። ስለ አናቴ ከእሳቸው ሌላ ከማንም መስማት አልፈልግም ነበር።

"ዞር በል ልጄ፣ መሰላሉ እንዳይነካህ" አሉኝና በአጠገቤ አልፈው፣ ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ፣ በረጅሙ ኮሪደር ሄዱ።